የመንፉሐው ኮት

ሩቂያ ሐሰን «ሦስተኛ ፈረቃ» የሚባለውን ዘፈን ከመስማቷ ብዛት፣ ገና ጊታሩ ሲጀምር ቆሽቷ ያርራል። ዘፈኑን የደረሰውም የሚዘፍነውም ሀይሰም የሚባል የኮሌጅ ጓደኛዋ ነው፤ እንደሷው ሪያድ ያደገ የሐበሻ ልጅ፣ በዕድሜው አንድም ፈረቃ ሠርቶ የማያውቅ፣ የዕረፍት ቀን ከሆነ የቀትሩ ዙሁር ሳይደርስ ዓይኑን የማይገልጥ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስለሚሸከሙ ሰዎች ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮኸው። ዘፈኑ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ነው። ሩቂያን ይበልጥ የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

ክሊፑ የመመረቂያ ሥራዋ ነው። እሁድ ጠዋት ታስረክባለች፤ ካላስረከበች ከጓደኞቿ ጋር መመረቅ ቀርቶባት ዓመቱን ትደግማለች። ዕቅዱን በትልቅ ወረቀት ላይ ሃያ አራት ሳጥን አድርጋ ሥላዋለች። በየሳጥኑ ማን የት እንደሚቆም፣ ካሜራው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በእርሳስ ጽፋለች። በእርሳስ መሆኑ በጃት እንጂ ሀይሰም ዘጠኝ ጊዜ አስቀይሯታል። መጀመሪያ በረሃ ፈለገ። በረሃው ሲገኝለት ጭስ አማረው። ጭሱ ሲሰረዝ ደግሞ ሙረባዕ ሰፈር ካለ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነፋስ ፀጉሬን እየበተነው ካልዘፈንኩ አለ። በዚህ ወር ነፋስ የሚባል ነገር እንደሌለ ቢነገረው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ቬንትሌተር ይዘን እንወጣለና!» አላት።

«ሀይሰም፣ ዘፈኑ ስለ መጋዘን ሠራተኞች ነው እኮ።»

«አርት ነው ሩቂያ፣ አትጨናነቂ።»

የጣሪያውን ዕቅድ ይዛ አስተማሪዋ ዘንድ ሄደች። አስተማሪዋ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሰው ስታመሰግን ታይታ የማታውቅ ዶክተር ናት። ሃያ አራቱን ሳጥን አንድ በአንድ አየችና መነጽሯን አወለቀች። «ልጄ፣ ይሄ የሽቶ ማስታወቂያ ነው» አለቻት በዐረብኛ። «የሚሠራው ሰው የታለ? አንድ ሰው አምጪልኝ። አንድ ብቻ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቀጥ ብሎ ካሜራውን ይይ። ያ ከሌለ አላሳልፍሽም።» ሩቂያ ልትናደድ ፈልጋ ነበር፤ ሴትየዋ ግን ልክ ነበረች። ልክ የሆነ ሰው ላይ መናደድ ደግሞ እንዴት እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

የሚሠራ ሰው ከተባለ ቤቷ ውስጥ አለ። አባቷ ሐሰን ሱለይ ሰፈር ካለ መጋዘን አስራ ዘጠኝ ዓመት ፎርክሊፍት ነድቷል። እራት ላይ አጫወተችው። ሐሰን እስክትጨርስ ጠበቃትና፣ «ቦታውን አስፈቅድልሻለሁ። ሰዎቹንም ከመንፉሐ ቤት አመጣልሻለሁ። እኔን ግን ተይኝ» አላት።

ተይኝ የምትለዋ ቃል ከረጀብ ወር ወዲህ የገባችበት ናት። በረጀብ እናቱ አገር ቤት፣ ኩታበር ሞቱ። አሠሪው፣ ከፊል የሚሉት፣ የመውጫና የመመለሻ ቪዛውን እስኪጨርስለት ድረስ ቀብሩም ለቅሶውም አለቀ፤ ሐሰን ሻንጣውን ሳይከፍት ቁም ሣጥን ላይ መለሰው። ድሮ ጁምዓ ተሰግዶ እንዳበቃ ስልኩን ይዞ ደረጃው ላይ ይቀመጥና ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት ያወራ ነበር። አሁን ጁምዓ ሲደርስ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ይውላል። ስለዚህ ሩቂያ ተወችው፤ ሌላ ሰው አይጠፋም ብላ።

መንፉሐ ቤት የሚባለው ሐሰን ሚስቱን ከማምጣቱ በፊት የኖረበት መንፉሐ ሰፈር ያለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። አሁን አስራ አራት ወንዶች ይኖሩበታል፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ አብዛኞቹ እዚያው የሐሰን መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ። የቤቱ አንጋፋ ሙስጠፋ ነው። ሩቂያ በዐረቡ ልማድ ዓሚ ትለዋለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው። የቦታው ፈቃድ ሁለት ሳምንት ከፈጀ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት አባቷን አስከትላ ሄደችና ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ በዚያ ግማሹ ዐረብኛ በሆነ አማርኛዋ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳች። ሳጥን አንድ፦ አሥራ አራቱም በሥራ ልብስ፣ በመደርደሪያዎቹ መሃል፣ ወደ ካሜራው ይመጣሉ። ሳጥን ሁለት፦ ዝም ብለው ይቆማሉ። አይስቁም። አይጨፍሩም። እጅ አያወዛውዙም።

«ገባችሁ?»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሁሉም፣ ክርስቲያኖቹም ጭምር።

«ጥያቄ ያለው?»

ሰማው የሚባለው ረጅሙ የጎጃም ልጅ እጁን አወጣ። «ኮቱስ?» አለ።

«የምን ኮት?»

ተያዩና ሳቁ። ሙስጠፋ፣ «አታስቢ ልጄ፣ እሱን ለኛ ተይው» አላት። ሩቂያም ልብ አላለችውም። ይህች ልጅ ለካሜራ ባትሪ ሦስት መለዋወጫ የምትይዝ፣ ለወረቀቷ ሳይቀር ኮፒ ያላት ጠንቃቃ ናት፤ ያቺን አንዲት ጥያቄ ግን እንደዋዛ አለፈቻት።

አርብ ማለዳ ሱለይ ደረሱ። ባለቤቱ የፈቀደው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ጁምዓ አለ፣ ከሰላት በኋላ ደግሞ የጭነት መኪኖች ይገባሉ። ካሜራ የምትይዘው ለይላ ሌንሷን ወልውላ ጨርሳለች። ሀይሰም ግድግዳ ተደግፎ በቁሙ ተኝቷል። ሐሰን ፎርክሊፍቱ ላይ ተቀምጦ የተባለውን ካርቶን የተባለበት ቦታ እያስቀመጠ ነው። ሰዎቹን የጫነው አውቶቡስ ቆመና በሩ ተከፈተ፤ ሩቂያም የያዘችውን ወረቀት ጣለችው።

አሥራ አራቱም ልብሳቸውን ተኩሰው መጥተዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ የተቀባ ፀጉር፣ የሚያበራ ጫማ። ሽቷቸው ከነሱ ቀድሞ መጋዘኑ ውስጥ ገባ። ከሁሉም መጨረሻ ሙስጠፋ፣ ከላውንደሪ እንደወጣ በላስቲክ የተሸፈነ ጥቁር ሰማያዊ ኮት በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቀ ወረደ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሩቂያ።

«ኮቱ ነዋ!»

«ዓሚ፣ የሥራ ልብስ ብዬ ነበር እኮ! ቱታችሁ የታል?»

«ለካሜራ ቱታ? አስተግፊሩላህ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮቱ የማንም አይደለም፤ የቤቱ ነው። መንፉሐ ቤት በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ማን እንደገዛው የሚያውቅ የለም። ወደ አገር ቤት የሚላክ ፎቶ ያለ እሱ አይነሱም፤ ሠርግ ቢሆን፣ አረፋ ቢሆን፣ ፋሲካ ቢሆን፣ አጭሩም ረጅሙም ያንኑ ኮት ነው የሚለብሰው። ድሮ ለብሰውት ፎቶ ቤት ይሄዱ ነበር። ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ እናት በቪዲዮ ስትደውል ከወገብ በላይ ኮት፣ ከወገብ በታች ሽርጥ ሆነው ያወራሉ። ታዲያ ሩቂያ ካሜራ ይዤ እመጣለሁ ስትላቸው አሥራ አራቱም የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ታየኛለች።

«አንድ ኮት ለአሥራ አራት ሰው!» አለች ሩቂያ ጭንቅላቷን ይዛ። «በሳጥን አንድ ሁላችሁም አንድ ላይ ነው የምትመጡት! አንድ ላይ!»

«በየተራ እንመጣለን» አለ ሰማው ቀለል አድርጎ።

«ሰማው ወንድሜ፣ ስማኝ። የመጋዘን ሥራ ያሳፍራል? አባቴ እዚሁ ነው የሚሠራው። እኔን ያሳደገኝ በዚህ ሥራ ነው።»

«አያሳፍርም። ማን ያሳፍራል አለሽ? ግን እናቴ ቢሮ የምሠራ ነው የሚመስላት። ቱታዬን ያየች ቀን እህል አትቀምስም። ላንቺ ክሊፕ ብዬ እናቴን ጦም ላሳድር?»

ለይላ ከካሜራው ጀርባ ሳቋን አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሀይሰም በበኩሉ ከእንቅልፉ ነቅቶ ኮቱን አየና ነፍሱ ተሰረቀች። «ያ ሰላም! ይሄ ኮት! የመጨረሻውን ግጥም እኔ ለብሼው ልዝፈን» ብሎ እጁን ሰደደ። ሙስጠፋ ኮቱን ወደ ደረቱ ሳበው።

«እናትህ የት ናት?» አለው።

«እቤት። እዚሁ ሪያድ።»

«ጠዋት አይታሃለች?»

«ቁርስ አብልታኛለች።»

«ታዲያ ኮት ምን ያደርግልሃል? ሂድ ወዲያ።»

ሀይሰም ያኮረፈው ያን ጊዜ ነው። አኩርፎም ጊታሩን ታቅፎ ካርቶን ላይ ተቀመጠና፣ ድምፄ አልተነሳም፣ ስሜቴ ጠፍቷል ማለት ጀመረ። ሩቂያ አንዱን ስትለማመጥ ሌላው ይቀየማል። ከአሥራ አራቱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የሌላቸው ሁለቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጡ፤ በኮቱ መነሳት ይፈልጋሉ፣ ክሊፑ ውስጥ መግባት አይፈልጉም። «እኔ የምነሳው ለእናቴ ነው፣ ለጀዋዛት ፖሊስ አይደለም» አለ አንደኛው። ሰዓቱ ሁለት ሆነ፣ ሁለት ተኩል ሆነ። እስካሁን አንድም ሳጥን አልተቀረጸም።

በመጨረሻ ሩቂያ እርሳሷን አወጣችና ሳጥን አንድን ሰረዘችው። ሁለትንም ሦስትንም ሰረዘቻቸው። «ኸላስ፣ በቃ» አለች፣ በሌላ ቀን ቢሆን ልታለቅስበት በምትችል ድምፅ። «አንድ በአንድ። በኮቱ። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በቱታ ይቆምልኛል። ቃል?»

«ኢንሻአላህ» አሉ።

ተሰለፉ። ሰማው ሲለብሰው እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ቀጥሎት የመጣው አጭሩ ልጅ ለብሶት ጣቶቹ ጠፉ። አንዱ በርሜል ላይ እግሩን ሰቀለ፣ አንዱ ፋይል ይዤ ካልሆነ ብሎ የሩቂያን ወረቀት ወሰደባት። አትሳቁ ብትላቸው የባሰ ሳቁ። አንዱ አውልቆ ለሌላው ሲሰጥ ኮቱ ከላብ የተነሳ እየከበደ ሄደ፤ ሙስጠፋ በየመሃሉ በመሀረብ ያብሰዋል። ኢቃማ የሌላቸውን ሁለቱንም በየስልካቸው አነሳቻቸው፤ ካላነሳሽን ሰልፉን አንለቅም ብለው።

ስምንተኛው ሰው ላይ ለይላ ሌንሱን አቅርባ፣ «ቁልፎቹ ወርቃማ ሆነው ሦስተኛው ብቻ ለምን ጥቁር ሆነ?» አለች። ሩቂያ በካሜራው መስኮት አየች። ሌሎቹ ቁልፎች ወርቃማ ናቸው፤ በሦስተኛዋ ቦታ ላይ ግን ከሸሚዝ የተነቀለች የምትመስል ጥቁር ቁልፍ በነጭ ክር ተሰፍታለች። ይህቺን ቁልፍ ታውቃታለች። አሥር ዓመት ሲሆናት አንድ ጊዜ ኩታበር ሄዳ ነበር፤ አያቷ ቤት ግድግዳ ላይ የአባቷ ፎቶዎች ከጣሪያ እስከ መደብ ተደርድረው ነበር። በየአረፋው አንድ። አባቷ በየፎቶው እያረጀ ይሄዳል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ኮቱ ግን ያው ነው፤ ከነጥቁር ቁልፉ። ልጅ ነበረችና አባቴ አንድ ኮት ብቻ ይወዳል ብላ አለፈች። አረፋ ሲቃረብ አባቷ መንፉሐ ደርሼ ልምጣ ብሎ ሲጠፋ፣ እናቷ ዘይቱና ደግሞ ይሄ ሰውዬ ከጓደኞቹ አይለይም ብላ ስትነጫነጭ ስንት ዓመት ሰምታለች።

ወደ ፎርክሊፍቱ ዞረች። «አባዬ! ስለ ኮቱ ለምን አልነገርከኝም? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለፋ!»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ ሐሰን፣ መሪውን እንደያዘ።

እዚህ ላይ ሩቂያ የያዘችውን እርሳስ ለሁለት ሰበረችው። አንጀቷ ትንሽ ቀዝቀዝ አለላት መሰለኝ፤ መለዋወጫ እርሳስም ነበራት።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰልፉ አለቀ። ሩቂያ እጇን አጨበጨበች። «ያላ፣ አሁን ቃላችሁን። በቱታ የሚቆምልኝ ማነው?»

አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ የመጋዘኑን ጣሪያ ይቆጥራል።

«አንድ ሰው ነው ያልኩት! ዓሚ ሙስጠፋ፣ አንተ?»

«እኔማ ልቆም እችል ነበር፣ ወላሂ። እናቴ ግን ዘጠና ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜዋ...»

«ሰማው?»

«ነገርኩሽ እኮ እህቴ።»

በየስማቸው ጠራቻቸው። ሁሉም እናት ነበራቸው። ሩቂያ በዚያች ጠዋት በዓለም ላይ ያሉ እናቶች ሁሉ ተሰብስበው እንዳትመረቅ የተማከሩባት መሰላት። ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል፣ እሁድ ደርሷል፣ አስተማሪዋ መነጽሯን ስታወልቅ ከወዲሁ ይታያታል። ካርቶን ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ንዴቷ አልቆ እንባዋ መጥቶ ነበር።

ሙስጠፋን አሳዘነችው። ነገሩን ለማቅለል ይመስላል ኮቱን አራግፎ ወደ ፎርክሊፍቱ ዘረጋው። «ሐሰን፣ ና እስቲ። አንተ ብቻ ቀረህ። ተራህ ነው።»

ሐሰን ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ቅባት፣ ደረቱ ላይ ላብ አለ። ኮቱን ተቀበለ። ጥቁሯን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረጋትና መልሶ ሙስጠፋ ክንድ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ እንዳለሁ ልነሳ» አለ።

«ኧረ ሐሰን! በቱታ? ሰው ያየዋል እኮ።»

«ማን?»

ሐሰን የጠየቀው ለእልህ አልነበረም። ማን እንደሚያየው አስቦ አስቦ ያጣ ሰው ነው የጠየቀው። ሰማው ወደ በሩ ዞሮ አውቶቡሱን ማየት ጀመረ። ሌሎቹም ከኮቱ ራቅ ራቅ አሉ።

ሩቂያ ከካርቶኑ ላይ ተነሳች። ሦስት ሳምንት የለመነችው፣ የጮኸችለት፣ እርሳስ የሰበረችለት ነገር ይኸው ፊቷ ቆሟል፤ አንድ ሰው፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ። አልፈለገችውም። በሕይወቷ ይህን ያህል እንዳይሆን የተመኘችው ነገር የለም ለማለት ይቻላል።

«አባዬ፣ ኮቱን ልበስ።»

«ስትለምኚ የነበረው ይሄን አይደል?»

«ኸላስ፣ ተውኩት። እደግማለሁ ዓመቱን። ልበስ በአላህ፣ እኔ አየዋለሁ።»

«አንቺማ በየቀኑ ታይኛለሽ» አለ ሐሰን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጠዋት ፈገግ ብሎ። «አስተማሪሽ እሁድ ትጠብቃለች። ያላ ልጄ፣ አንሺ፣ ጁምዓ ደረሰብን።»

መሬቱ ላይ በፕላስተር ምልክት የተደረገበት ቦታ ሄዶ ቆመ። ለይላ ካሜራውን ለሩቂያ ለቀቀችላት። ሀይሰምም፣ ለዚህ ብቻ ይመስገን፣ ማንም ሳያዘው ኩርፊያውን ትቶ ዘፈኑን ከፈተ። ጊታሩ መጋዘኑ ውስጥ ሲያስተጋባ ሩቂያ ቆሽቷ ያላረረው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ሐሰን አገጩን ቀና አደረገ። ቀጥ ብሎ ወደ ሌንሱ አየ። ከዚያ ቀኝ እጁ ሳያስበው ወደ ደረቱ ወጣና በዚያ ቅባት በጠጣ ቱታ ላይ የሌለ ኮት መቆለፍ ጀመረ። አንደኛውን ቁልፍ ቆለፈ። ሁለተኛውን ቆለፈ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ ቆመች፤ ምን እያደረገ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። እጁን ቀስ ብሎ አወረደና፣ በየአረፋው ለእናቱ ይልከው የነበረውን ያንኑ ፈገግታ ፈገግ አለ።

ዘፈኑ አለቀ።

«ጨረስሽ?» አለ ሐሰን፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ።

«ገና ነኝ፣ አባዬ» አለች ሩቂያ፣ ካሜራውን ሳታጠፋ።